ጫት ሻጯ ማዘዣ አትጠይቅም

የተከበራችሁ ሐኪሞች፣ የሥራ ባልደረቦቼና እንግዶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ፤ ፒያሳ አካባቢ ከአንድ መድኃኒት ቤት መስኮት ጀርባ ከቆምሁ 19 ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ክረምት አንድ ሰው መጣ። ዕድሜው አርባ ቢሆን ነው፤ ሸሚዙ በወጉ የተተኮሰ፣ የቤቱን ቁልፍ ግን እንደ ተማሪ ልጅ በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ። ከኪሱ ባዶ ብልቃጥ አወጣ። ላዩ ላይ የእህቱ ስም አለ፤ ከአሜሪካ የመጣ ሜቲልፌኒዴት ነው፤ ለትኩረት ጉድለት ሕመም የሚታዘዝ አነቃቂ መድኃኒት። «እሷ ትታልኝ ነበር። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሪፖርት ጀምሬ ጨረስሁ» አለኝ። ያለ ልዩ ማዘዣ እንደማይሰጥ፣ እኛ መደርደሪያ ላይም እንደሌለ ነገርሁት። ብልቃጡን ወደ ኪሱ መልሶ፣ «ጫት ሻጯ እኮ ማዘዣ አትጠይቀኝም» ብሎኝ ወጣ።

ሳቅሁ። ማታ ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ አምፌታሚን ለተባለው ብርቱ አነቃቂ መድኃኒት የቅርብ ዘመድ ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ኃይሉ ስለሚዳከም ነው ነጋዴው ጠቅልሎ የሚጣደፈው። አእምሮ ላይ የሚሠሩ መድኃኒቶችን በሚቆጣጠረው በተባበሩት መንግሥታት የ1971 እ.ኤ.አ. ስምምነት ሜቲልፌኒዴት በ2ኛው ሰንጠረዥ ሲሰፍር፣ ካቲኖን ይበልጥ በጠበቀው በ1ኛው ሰፍሯል፤ ቅጠሉ ራሱ ግን የለበትም። ሰውየው ሰንጠረዡን ሳያይ ክፍተቱን አግኝቶታል።

ማዘዣው ይቅር አላልሁም። መድኃኒቱ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ያላግባብ ከተወሰደም ሱስ ያስይዛል። እኔ የምለው፣ ማዘዣው የሚጻፍበት ክፍል ለአዋቂም በሩ ይከፈት ነው።

የትኩረት ጉድለትን የሚያሳይ የደም ምርመራ የለም። ሐኪሙ የሚያስፈልገው ጊዜና የሕይወት ታሪክ ነው፤ ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መጀመራቸውን፣ በቤትም በሥራም መታየታቸውን መጠየቅ አለበት። ይህን ደግሞ ከእናት የተሻለ ማን ይናገራል? «ቀልበ ቢስ፣ ቀዥቃዣ» እያለች ያሳደገችው እሷ ናት። ቀልቡ የተበተነ ሁሉ ይህ ሕመም አለበት ማለትም አይደለም። እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት፣ የእንቅርት ዕጢ መዛባት፣ ጫቱ ራሱም ሰውን እንዲህ ያደርጋሉ። ይህንንም የሚለየው ያው ምርመራ ነው፤ የእህት ብልቃጥ አይለየውም።

ሰውየው ያን ቀን ዣንጥላውን መስኮቱ ላይ ረስቶ ሄዷል። እስካሁን እኔ ዘንድ ነው። ሊወስደው ሲመጣ ወደ ማን እንደምልከው ማወቅ እፈልጋለሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ አዋቂ የምትመረምሩ ሐኪሞች ካላችሁ፣ ከመውጣታችሁ በፊት አነጋግሩኝ።