ድሬን ስለ ባሕር ምን አገባት?

እንደምን አመሻችሁ።

የድሬ ልጆች፣ ከሐረርና ከሐሮማያ የመጣችሁ መምህራንና ተማሪዎች፣ ነጋዴዎች፣ ሾፌሮች፣ በደወሌ በኩል ተሻግራችሁ የመጣችሁ የጅቡቲ እህቶችና ወንድሞች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ከጅቡቲ ሲመለስ አንድ የእንጨት ሳጥን ይዞ ይመጣል። ሳጥኑ ውስጥ በረዶ፣ ከበረዶው ላይ እርጥብ ጆንያ፣ ከሥር ዓሣ። ለገሐር ሲደርስ በረዶው አልቋል። ከሳጥኑ ሥር ጠብ ጠብ የሚለውን ውሃ በጣቴ እየነካሁ እቀምስ ነበር። ጨው ጨው ይላል። እናቴ ትቆጣኛለች፣ እኔ ግን አልተውም። ባሕርን መጀመሪያ ያወቅሁት እንዲህ ነው። ገና ሳላየው በምላሴ።

ይህን ንግግር ሳዘጋጅ አንድ ወዳጄ "ድሬን ስለ ባሕር ምን አገባት?" አለኝ። ከዚህ እስከ ባሕሩ በሐዲድ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ተገቢ ነው፣ መልስም ይፈልጋል። ስለ ወደብ ግን ዛሬ አልናገርም። ስለ ወደብ የሚናገር ሰው ሞልቷል። የኔ ነገር ውሃው ራሱ ነው። ውሃው ውስጥ ያለው ሕይወትና ከዳርቻው የሚኖረው ሰው።

ይህች ከተማ የባሕር ልጅ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም እዚህ ባይደርስ ከዚራ የሚባል ሰፈር ባልኖረ። ከዚያም በፊት የሐረር ቡና በግመል ተጭኖ በገልደሳ በኩል ወደ ዘይላ ወደብ ይወርድ ነበር። ዛሬም የአገራችን የገቢና የወጪ ንግድ ከመቶ 90 እጅ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ጅቡቲ ደግሞ ከእኛ ሰፈር ውሃ ትጠጣለች። ከዚህ ብዙ ሳይርቅ፣ ሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን፣ ሐደጋላ ላይ የሚወጣው የከርሰ ምድር ውሃ ከ2009 ዓ.ም ወዲህ በቧንቧ ወደዚያ ይወርዳል። ጎረቤት ብቻ አይደለንም፣ ከአንድ ማድጋ እንጠጣለን።

አሁን ሐሮማያን አስታውሱልኝ።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሐሮማያ ሐይቅ ላይ ጀልባ ያዩ ሰዎች አሉ። ሐረር ለብዙ ዓመት የጠጣችው ከዚያ ነው። ዙሪያው ያለው ገበሬ ጫቱንና ድንቹን በሞተር ፓምፕ ያጠጣ ነበር። ከተማውም ይስብ ነበር። ከተራራው የሚታጠበው አፈር ከሥር ይሞላው ነበር። አንድም ሰው ሐይቁን ላጥፋ ብሎ አልተነሳም። ሁሉም የራሱን ድርሻ ብቻ ነው የቀዳው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ግድም ሐይቁ ደረቀ። እኔ ሄጄ አይቼዋለሁ። መሬቱ እንደ ተሰበረ ሸክላ ተሰነጣጥቆ፣ ከብት ይሄድበት ነበር። ሐረርም ውሃ ፍለጋ እስከ ድሬዳዋ ቆላ ወረደች።

በኋላ ተራራው ሲጠበቅ፣ እርከኑ ሲሠራ፣ ዝናቡም ሲያግዝ ውሃው ተመልሷል። ያንን ውሃ ሳይ ዛሬም ሆዴ ይባባል። ግን ሐሮማያ ለመዞር ሁለት ቀን የማይፈጅ ትንሽ ሐይቅ ነው። በአንድ አገር ሕግ ሥር ያለ ሐይቅ ነው። ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤስ? ከታጁራ የተነሳ ዓሣ የመን ሊያድር ይችላል። በርበራ አጠገብ የተፈለፈለው ሌላ ቦታ መረብ ውስጥ ይገባል። አንዱ አገር ቢጠብቅና ሌላው ቢያራቁት የጠበቀው ምን ያገኛል?

ኮራል የሚባለውን ነገር ብዙዎቻችን ድንጋይ ይመስለናል። ድንጋይ አይደለም። እልፍ አእላፍ ጥቃቅን እንስሳት የሠሩት ቤት ነው። በገላቸው ውስጥ አልጌ የሚባል፣ ዓይን የማያየው ተክል መሰል ነገር ይኖራል። ቀለማቸውም፣ አብዛኛው ምግባቸውም ከእሱ ነው። ውሃው ከለመዱት በላይ ሞቆ ሲሰነብት አልጌውን ይተፉታል። ያኔ ኮራሉ አጥንት መስሎ ይነጣል። ሙቀቱ ቶሎ ካልበረደ በረሃብ ያልቃል። እኛ ድሬዎች ሙቀት እናውቃለን። ሌሊቱ ሳይበርድ ሲቀር ገላ እንዴት እንደሚዝል እናውቃለን። ኮራሉም እንደዚያ ነው፣ ልዩነቱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ መተኛት አይችልም።

በሚያዝያ 2016 ሳይንቲስቶች ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት ለ4ኛ ጊዜ መከሰቱን አሳወቁ። የቀይ ባሕር ሰሜናዊ ክፍል ኮራሎች ግን ሙቀት በመቻል ዓለም ያደነቃቸው ናቸው። ሌላው ሲጠፋ እነሱ ሊተርፉ ይችላሉ የሚል ተስፋ አለ። ስለዚህ ይህ ባሕር የዓለም የዘር ጎተራ ነው ብል አላጋነንኩም። በዚሁ ጎተራ ደጃፍ፣ የመን ባሕር ላይ፣ ከ1 ሚሊዮን በርሜል በላይ ነዳጅ የጫነች አሮጌ መርከብ ለዓመታት ስትዝግ ኖራለች። የተባበሩት መንግሥታት ነዳጁን ወደ ሌላ መርከብ ገልብጦ የጨረሰው በነሐሴ 2015 ነው። ያ ነዳጅ ቢፈስ የሁሉም ዓሣ አስጋሪ መረብ ይጠቁር ነበር። በየካቲት 2016 ደግሞ 21,000 ቶን ገደማ ማዳበሪያ የጫነች ሌላ መርከብ ተመትታ ሰጠመች።

መልካም ዜናም አለ። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ መርከቦች ዘይትና ቆሻሻ እንዳይጥሉ የወጣው ጥብቅ ገደብ በሥራ ላይ ውሏል። የባሕሩ ዳር አገሮችም እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ የጅዳ ስምምነት የሚባል ቃል ኪዳን አላቸው። የሚያስፈጽመው ድርጅት ፔርስጋ ይባላል፣ አባላቱም 7 ናቸው። ጅቡቲ አለች፣ ሶማሊያ አለች፣ ሱዳን አለች። ዳርቻ የሌላት አገራችን የለችበትም። እኔ ግን ይህን ያህል ዕቃ በዚያ ውሃ ላይ የሚያስጭን ሕዝብ ቢያንስ በእንግድነት ተቀምጦ ሊሰማ፣ ከወጪውም ሊጋራ ይገባል እላለሁ። ኢጋድ ዋና መሥሪያ ቤቱ ጅቡቲ ነው። የምንነጋገርበት ጠረጴዛ አልጠፋም።

አሁን የምወደውን ታሪክ ልንገራችሁ።

ማንግሮቭ የሚባል ዛፍ አለ፤ እግሩን ጨው ውሃ ውስጥ ነክሮ የሚበቅል። ባሕሩ ሲሸሽ ሥሩ ከጭቃው ውስጥ እንደ ጣት ቀጥ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ይታያል። አየር የሚስበው በዚያ ነው። በጅቡቲ በኩል ኦቦክ ወረዳ፣ ጎዶሪያ ላይ አለ። የዓሣ ጫጩት እዚያ ሥር ተደብቆ ያድጋል። ማዕበል ሲመጣም ዳርቻውን ይከላከላል። ግመል ካገኘው ይጨርሰዋል፣ ቅጠሉን ይወደዋል።

ጎርደን ሳቶ የሚባል አሜሪካዊ ሳይንቲስት ነበር። በልጅነቱ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ጃፓናዊ ዘር ስለሆነ ብቻ ማንዛናር የሚባል በረሃ ውስጥ ከነቤተሰቡ ታግቷል። አድጎ ምጽዋ አጠገብ፣ ሕርጊጎ የምትባል መንደር መጣ። እዚያ ማንግሮቭ የሚበቅለው በአንዳንድ ቦታ ብቻ ነው። ለምን? ብሎ አየ። የሚበቅለው ከደጋ የሚወርደው ጎርፍ ባሕሩን በሚያገኝበት ቦታ ነበር። ጎርፉ ለዛፉ የሚያመጣለት ምግብ አለ። ባሕሩ የጎደለው ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ብረት ነው። ስለዚህ ጥቂት ማዳበሪያ በፕላስቲክ ከረጢት አድርጎ፣ ከረጢቱን በምስማር በሳስቶ፣ ከቁራጭ ብረት ጋር ከችግኙ ሥር ቀበረ። ማዳበሪያው ቀስ እያለ ይወጣል። ዛፉ በቀለ። የመንደሩ ሴቶች ተከሉት፣ ቅጠሉ ለፍየልና ለበግ መኖ ሆነ። ለሥራው የሰጠው ስም ማንዛናር ነው፣ የታሰረበት በረሃ ስም።

ይህን ታሪክ የምወደው ስለ ሰውየው ብቻ አይደለም። ደጋ ባሕርን ይመግባል የሚለውን ስላሳየኝ ነው። የኛ የደቻቱ ወንዝ ባሕር አይደርስም፣ አውቃለሁ። የአዋሽ ውሃ መጨረሻው አቤ ሐይቅ ነው። ጎርፍ ምን እንደሆነ ግን ድሬ በ1998 ዓ.ም ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት አውቃለች። ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። በግንቦት 2010 ሳጋር የሚባለው አውሎ ነፋስ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ተነስቶ ሲመጣ ጅቡቲ ከተማ ላይ የዓመቱን የሚያህል ዝናብ በአንድ ቀን ጣለ። ባሕሩ ሲሞቅ እኛም ጋ ይደርሳል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሁለት ነገር ብቻ እላለሁ።

አንዱ ፌስታል ነው። ወደ ደወሌ የሚወስደውን መንገድ የሄዳችሁ ታውቃላችሁ። እሾሁ ሁሉ ፌስታል አብቅሏል። ነፋሱ ሲያነሳው የሚቆመው የት ነው? የፕላስቲክ ከረጢት የሚከለክል ሕግ በ2017 ዓ.ም በፓርላማ ጸድቋል። ሾፌሮች፣ ከመኪናው መስኮት የሚወረወረውን ነገር የማስቆም ሥልጣን በእናንተ እጅ ነው። ረዳቶቻችሁን ንገሩልኝ።

ሌላው በረዶ ነው። የጅቡቲ ዓሣ አስጋሪ ሌሊቱን ለፍቶ ያመጣውን በጠዋት ካልሸጠ፣ በዚያ ሙቀት ይበላሽበታል። ስለዚህ በርካሽ ይሰጣል። ለነገ ደግሞ ብዙ ለማጥመድ ይገደዳል። በረዶና ገበያ ያለው ሰው ጥቂት አጥምዶ ይኖራል። ትንንሹን ዓሣ መልሶ የመልቀቅ አቅም ያገኛል። በዚህ በኩል ደግሞ አትክልት ጭነው የሚወርዱ አይሱዙዎች አሉ። የማውቃቸው ሾፌሮች ባዶ የሚመለሱበት ቀን እንዳለ ነግረውኛል። ዓሣ እዚህ ስንት እንደሚሸጥ ታውቃላችሁ።

ከጅቡቲ የመጡት ሁለት ዓሣ ሻጭ እናቶች ከሻይ በኋላ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ይቀመጣሉ። አማርኛ ይሰማሉ። ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ያላችሁ፣ ወይም ልትገዙ ያሰባችሁ፣ እንዳትሄዱ። ቁጭ ብላችሁ ስለ በረዶው፣ ስለ ኪሎው፣ ስለ ቀኑ አነጋግሯቸው።