2 ጊጋ ራም ባላት ትንሽ ላፕቶፕ ላይ ዴቢያን እንጫን

ሰላም ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ! ዛሬ እጄ ላይ ያለችውን እዩልኝማ። 11.6 ኢንች ናት፣ ከደብተር ብዙም አትበልጥ። ፕሮሰሰሯ ሴለሮን ኤን2840 ነው። ራሟ 2 ጊጋ፤ እሱም ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ አይጨመርም፣ አይቀየርም። ዲስኳ 32 ጊጋ።

ባለቤቷ የእህቴ ልጅ ናት፤ የ12ኛ ክፍል ተማሪ። አክስቷ ከሜሪላንድ ስትመጣ ይዛላት የመጣችው ስጦታ ነው። «ጋሼ፣ ትበራለች ግን አትሠራም» ብላ አመጣችልኝ። አበራኋት። እውነትም ትበራለች። ከዚያ በኋላ ግን ያቺ ክብ ነገር ትሽከረከራለች፣ ትሽከረከራለች፣ አሁንም ትሽከረከራለች። ያለባት ዊንዶውስ 10 ነው። ዲስኩ ላይ የቀረው ባዶ ቦታ 1 ጊጋ አይሞላም። አፕዴት ላድርግ ይላል፣ ቦታ የለም ይላል፣ ይመለሳል። በማግስቱም ያው ነው።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14፣ 2025 ማለት ነው። ወደ 11 እናሳድጋት ብንል ዝቅተኛው መስፈርት 4 ጊጋ ራም እና 64 ጊጋ ዲስክ ነው። እኛ በሁለቱም ግማሽ ላይ ነን። ስለዚህ ብዙ ሰው ምን ያደርጋል? ቁም ሳጥን ላይ ያስቀምጣታል። እኔ ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። ልጅቷ ማትሪክ ልትፈተን ነው፣ ላፕቶፑ አለ፣ ስክሪኑ ደህና ነው፣ ኪቦርዱ ደህና ነው፣ እና ዝም ብሎ አቧራ ይጠጣል። ስለዚህ ዛሬ ዊንዶውሱን አውጥተን ዴቢያንን እንጭንባታለን፤ ዴቢያን ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው።

እስቲ እንዲህ አስቡት። ቤት ልትቀይሩ ነው። ከሰፊ ግቢ ወደ ኮንዶሚኒየም፣ ያውም ስቱዲዮ፣ 30 ካሬ የማትሞላ። አይሱዙው በር ላይ ቆሟል። ምን ተጭኗል? ኤል ሼፑ ሶፋ አለ። ባለመስታወቱ ቡፌ አለ። ስምንት ወንበር ያለው የምግብ ጠረጴዛ አለ። ጫኞቹ እያቃሰቱ አራተኛ ፎቅ አወጡት። ገባ! እንደ ምንም ገባ። ግን በሩ ግማሽ ድረስ ብቻ ነው የሚከፈተው። መታጠቢያ ቤት ለመሄድ የሶፋውን ክንድ መሻገር አለባችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት እንግዳ መጣ፤ ቡና ሊጠጣ። ረከቦቱ የት ይቀመጥ? ቄጤማው የት ይጎዝጎዝ? እንግዳውስ የት ይቀመጥ? አልጋ ላይ። ሁለተኛው እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ቆሞ ነው።

ራም ማለት ያ ወለል ነው። ዲስክ ቁም ሳጥኑ ነው። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የቤት ዕቃው ነው። የምትከፍቱት ነገር ሁሉ፣ ብሮውዘሩ፣ እያንዳንዱ ታብ፣ እንግዳ ነው።

ወለሉ ሲሞላስ? ዕቃ አውጥታችሁ ኮሪደር ላይ ታስቀምጣላችሁ። ሲያስፈልግ ታስገባላችሁ፣ በምትኩ ሌላ ታወጣላችሁ። ስዋፕ የሚሉት ይሄን ነው። የዚች ላፕቶፕ ዲስክ ደግሞ ኢኤምኤምሲ የሚባለው ዘገምተኛ ዓይነት ነው፤ ኮሪደሩ ረጅምና ጨለማ ነው በሉት። ላፕቶፓችሁ ስታክ አድርጎ ደቂቃ ሙሉ ሲያስጠብቃችሁ ውስጥ ያለው ሠራተኛ ዕቃ እያመላለሰ ነው። ሰነፍ እንዳይመስላችሁ፤ እየሮጠ ነው።

አሁን ያችኑ ስቱዲዮ በሌላ ዓይን እንያት። ቡፌውን መልሱት። ሶፋውን መልሱት። ምንጣፍ አንጥፉ፣ ግድግዳው ሥር ፍራሽና ትራስ አድርጉ፣ አምስት ዱካ ደራርቡና ጥግ አስቀምጡ፣ ጠረጴዛው የሚታጠፍ ይሁን። ስድስት ሰው ተዝናንቶ ቡና ይጠጣባታል! እጣኑም ይጨሳል። ቤቷ ያችው ናት፤ አንድ ካሬ አልጨመራችሁም።

ይህን ምሳሌ ስወደው ሌላም ምክንያት አለኝ። ሊኑክስ አካሄዱን የወረሰው ዩኒክስ የሚባለው የድሮ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ራሱ የተወለደው ጠባብ ቤት ውስጥ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ ልጥራቸው። 1969፣ ቤል ላብስ፣ አሜሪካ። ኬን ቶምፕሰን እና ዴኒስ ሪቺ ፒዲፒ-7 የምትባል ያኔም ትንሽ የነበረች ማሽን ላይ ጀመሩት። በ1971 ወደ ፒዲፒ-11 ሲያዞሩት የማሽኗ ሜሞሪ 24 ኪሎባይት ነበር። ጊጋ አላልኩም፣ ሜጋም አላልኩም። የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ከዚያ ከ87 ሺህ እጥፍ በላይ ሜሞሪ አላት። ትናንሽ ፕሮግራሞች፣ እያንዳንዱ አንድ ሥራ በደንብ የሚሠራ፣ የሚገጣጠሙ። ይህ አሠራር የመጣው ከዚያ ጥበት ነው።

ሊኑክስ ደግሞ በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ ሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ ከባዶ ጽፎ የጀመረው ነው። የዩኒክስን ኮድ አልወሰደም፤ አካሄዱን ነው የተከተለው። «ዩኒክስ መሰል» የምንለው ለዚህ ነው። ዴቢያን ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1993፣ በኢያን መርዶክ ተጀመረ። ስሙም ያኔ ፍቅረኛው ከነበረችው ዴብራ እና ከራሱ ስም የተገጠመ ነው። ዛሬ የምንጭነው 13ኛውን ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 2017 የወጣውን።

ወደ መጫኑ ልገባ ነበር፤ ግን አንድ ነገር አስቁሞኛል። ባለፈው ቪዲዮ ሥር ደጋግማችሁ የጻፋችሁት። «ሊኑክስ አማርኛ አይጽፍም።» «ሊኑክስ ላይ አማርኛ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ነው የሚታየው።» አንዱ ደግሞ «የመሥሪያ ቤቴን ፋይል ብከፍተው የእንግሊዝኛ ዝብርቅርቅ ሆነ» ብሏል። ይሄን ሳላጠራ አላልፍም፤ ምክንያቱም በዚህ የተነሳ ሰው ላፕቶፑን እየጣለ ነው።

ሦስት የተለያየ ችግር ነው አንድ ላይ የተቀላቀለው።

አንደኛ፣ ሳጥን ሳጥኑ። እሱ የፎንት ጉዳይ ብቻ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ መዝገብ ውስጥ፣ በፈረንጆቹ 1999 ገብቷል፣ በሦስተኛው ቅጂ። ሲስተሙ «ሀ» መሆኗን ያውቃል፤ የሚስልበት ፎንት ስለሌለው ሳጥን ያስቀምጣል። አቢሲኒካ የሚባለውን የሲል ፎንት ወይም ኖቶን ጫኑ። በቃ። አንድ መስመር ትእዛዝ ነው፣ ስክሪኑ ላይ እያያችሁት ነው።

ሁለተኛ፣ ዝብርቅርቁ። ያ ፋይል ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ ነው፤ እንደ ድሮው ቪዥዋል ግዕዝ ባሉት። በነዚያ ጊዜ ፊደላችን የራሱ ቁጥር አልነበረውም። የላቲን ፊደሎችን ቁጥር ተውሶ፣ መልኩን ብቻ ቀይሮ ነው የሚታየው። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ፣ ዊንዶውስም ይሁን ሌላ፣ ያው ዝብርቅርቅ ነው። ሊኑክስ እዚህ ውስጥ ጥፋት የለበትም። ፋይሉን ወደ ዩኒኮድ መቀየር ነው መፍትሔው፤ እሱን ለብቻው እሠራላችኋለሁ።

ሦስተኛ፣ መጻፉ። እዩት፣ ካሜራውን ላቅርበው። አይባስ እና ኤም17ኤን የሚባሉትን የመጻፊያ ፕሮግራሞች ጭኛለሁ። ዝርዝሩ ውስጥ «ሴራ» የሚለውን አማርኛ መረጥኩ። አሁን ኤስ ስነካ ሳድሷ «ስ» መጣች። ቀጥሎ ኢ፣ «ሰ» ሆነች። ኤል፣ «ል»። ኤ፣ «ላ»። ኤም፣ «ም»። ሰላም! ቲ በትንሹ «ት» ናት፤ ሺፍት ይዛችሁ በትልቁ ስትጽፉት «ጥ» ትሆናለች። ስልካችሁ ላይ አማርኛ በእንግሊዝኛ ፊደል የምትጽፉ ሁሉ ሁለት ቀን አይፈጅባችሁም። የእህቴ ልጅ ያንኑ ማታ ለእናቷ ደብዳቤ ጻፈችበት።

ይሄን ቪዲዮ አማርኛ አይሠራም ለሚል ወዳጃችሁ ላኩለት እስቲ። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁም አድርጉ፤ የፋይል መቀየሪያው ቪዲዮ እንዳያመልጣችሁ።

እሺ፣ መጫን። መሠረቱን ስለምታውቁት ፈጠን ልበል።

ባክአፕ! ከሁሉ በፊት ባክአፕ። ቆም ብዬ ልናገረው። ከዓመታት በፊት ፍላሽ ላይ የምጽፍ መስሎኝ የውስጡን ዲስክ ደመሰስኩት። የታናሽ ወንድሜ የሠርግ ፎቶ ነበረበት፤ ኮፒ አልነበረንም። ስለዚህ አሁን ሁሌ ኤልኤስብሎክ በሚባለው፣ ዲስኮቹን በሚዘረዝረው ትእዛዝ መጠኑን አያለሁ። የዚች የውስጥ ዲስክ 29.1 ጊጋ ብሎ ይታያል፤ ባለ 16ቱ ፍላሽ ደግሞ 14 ከምናምን። ስሙን አትመኑ፣ መጠኑን እዩ።

የዴቢያንን ትንሹን መጫኛ፣ ኔትኢንስት የሚባለውን አውርዱ፤ ከ1 ጊጋ በታች ነው። በሩፈስ ወይም በኤቸር ፍላሹ ላይ ጻፉት። ላፕቶፑን ሙሉ ቻርጅ አድርጉ፤ መብራት ቢሄድም አትደነግጡም። ከየትኛው ዲስክ እንደምትነሳ የሚያስመርጠውን ዝርዝር (ቡት ሜኑ) አውጡ፤ እንደ ማሽኑ ኤፍ12 ወይም ኤፍ9 ወይም ኤስኬፕ ነው። ሴኪዩር ቡት የሚባለውን የማስነሻ ጥበቃ መዝጋት አያስፈልግም፣ ዴቢያን ይነሳበታል። ዋይፋዩ እንቢ ካለ ስልካችሁን በኬብል ሰክታችሁ ኢንተርኔቱን አጋሩት፤ መጫኛው እንደ ኔትወርክ ኬብል ያየዋል። ፓኬጅ ግን ይበላል፣ ሌሊት ላይ የሚሸጠውን ርካሹን ግዙለት።

ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ንቁ። የሩት፣ ማለትም የዋናው አስተዳዳሪ ፓስወርድ ሲጠይቃችሁ ባዶውን እለፉት። ያኔ የራሳችሁ ስም በሱዶ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ሥልጣን በሚያሠራው ትእዛዝ መሥራት ይችላል። ከሞላችሁት ግን በኋላ ሱዶ ስትሉ «ስምህ መዝገቡ ላይ የለም» ይላችኋል፤ ብዙ ጀማሪ እዚህ ጋ ነው ተስፋ የሚቆርጠው። ሁለተኛው፣ ዴስክቶፕ ምረጡ ሲል ምርጫዎቹን በሙሉ አጥፉ። ጂኖም በሚባለው ትልቅ ዴስክቶፕ ላይ የነበረችውን ኮከብ አንሱ። «መደበኛ የሲስተም መሣሪያዎች» የምትለዋን ብቻ ተዉ። ጂኖም መጥፎ አይደለም፤ ቡፌው እሱ ነው፣ እዚህ ቤት አይገባም።

ሲጨርስ ጥቁር ስክሪን ይመጣል። ደስ ይበላችሁ፣ ባዶ ቤት ነው። አሁን እኛ ዕቃ እናስገባለን፦ ስክሪኑ ላይ ምስል የሚያወጣው ኤክስ ኦርግ፣ መስኮቶቹን የሚያስተዳድረው ቀላሉ አይስ ደብሊው ኤም፣ ኔትወርክ ማኔጀር፣ ፋየርፎክስ፣ የሊብሬ ኦፊስ መጻፊያው። «የሚመከሩትን አትጫን» የምትለዋን ቃል ትእዛዙ ላይ መጨመር አትርሱ፤ አለዚያ ሽንኩርት የላካችሁት ልጅ ድንችና ጎመን ይዞ ይመጣል። ትእዛዙ በሙሉ ከቪዲዮው ሥር አለ።

ከዚያ ዴቢያን 13 ላይ የመጣች አንዲት ለውጥ አለች። ቲኤምፒ የሚባለው የጊዜያዊ ፋይሎች ቦታ ድሮ ዲስክ ላይ ነበር፤ አሁን ራም ላይ ነው፣ እስከ ግማሹ ድረስ መውሰድ ይችላል። ሰፊ ቤት ላለው ጥሩ ነው፣ ይፈጥናል። 2 ጊጋ ላይ ግን የኮተት ካርቶን ወለሉ መሃል እንደማስቀመጥ ነው። ሲስተም ሲቲኤል በሚባለው ትእዛዝ ቲኤምፒ ማውንትን ማስክ አድርጉት፣ ማለትም ዝጉት፤ ከዚያ ላፕቶፑን እንደገና አስነሱ፣ ወደ ዲስኩ ይመለሳል።

ቀጥሎ ዜድራም። ወለሉ ሲጠብ ዕቃውን ኮሪደር ከማውጣት ይልቅ ጋቢውን አጣጥፎ ፍራሹ ሥር መክተት ነው። ራሙ ውስጥ ያለውን ጨምቆ እዚያው ራም ላይ ያስቀምጠዋል። ፕሮሰሰሩ ትንሽ ይደክማል፣ ግን ያን ዘገምተኛ ዲስክ ከመጠበቅ መቶ ጊዜ ይሻላል። ለእንደዚህ ዓይነት ላፕቶፕ አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ዜድራምን እመርጣለሁ።

ማሽናችሁ 32 ቢት ብቻ ከሆነ፣ እንደ ድሮዎቹ አተም ኤን270፣ ዴቢያን 13 መጫኛ አላወጣላችሁም። ኦፕን ቢኤስዲ እና ኔት ቢኤስዲ የሚባሉት ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች ግን አሁንም ይሠሩላችኋል። እነሱ ሊኑክስ አይደሉም፤ የዩኒክስ ዘር ራሳቸው ናቸው።

አሁን የራሙን ይዞታ የሚያሳየውን ትእዛዝ «ፍሪ» ብዬ ልጻፍ። ምንም ሳይከፈት 270 ሜጋ አካባቢ ነው የተያዘው። ቀሪው ወለል ለእንግዳ ነው። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሲስተሙ ቀለለ ማለት እንግዳው ቀጠነ ማለት አይደለም። ፋየርፎክስ ከአራት አምስት ታብ ጋር 1 ጊጋ ያልፋል። ሠላሳ ታብ የምትከፍት ሰው ከሆንክ፣ ይቅርታ፣ የትኛውም ስቱዲዮ አይችልህም። የእህቴ ልጅ ሦስት ትከፍታለች፦ አንዱ የኬሚስትሪ ቪዲዮ፣ አንዱ መዝገበ ቃላት፣ አንዱ ኢሜይል። ከጎኑ መጻፊያው። ይሄን ያለ ችግር ትሸከማለች።

ትናንት መጥታ ወሰደቻት። ከመሄዷ በፊት የአክስቷን ፎቶ ስክሪኑ ላይ አድርጋ፣ ሥሩ በአማርኛ «እናመሰግናለን» ብላ ጽፋ ስክሪንሾት ላከችላት። ማተሚያ እንዴት እንደሚገናኝ ግን ገና አላሳየኋትም፤ የሚቀጥለው ቪዲዮ እሱ ነው።