የበቆሎ ቻውደር፦ ክሬም ጨምራችሁ ጨምራችሁ ለምን አልወፍር አለ?

ሰላም ሰላም! ዛሬ ቻውደር ነን፤ አሜሪካኖቹ በበቆሎ፣ በድንችና በወተት የሚሠሩት ወፍራም ሾርባ።

ሳንጀምር ግን፣ ብዙዎቻችሁ «ክሬም ጨመርኩ፣ ጨመርኩ፣ አልወፍር አለኝ» ትላላችሁ። አይወፍርማ! ክሬም ያለሰልሳል እንጂ ውኃ አይዝም። ሽሮን አስቡ። ሽሮን በክሬም የሚያወፍር አለ? ዱቄቱ የፈላው ቁሌት ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ውኃ ውኃ ይላል። የቸኮለ ሰው «ቀጠነ» ብሎ ዱቄት ይጨምራል፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ ገንፎ ይሆንበታል። ለምን? ዱቄቱ ውስጥ ያለው ስታርች (ወፍራም የሚያደርገው ነገር) ሙቀት ሲያገኝ ውኃውን ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ድስቱም ዱክ ዱክ ማለት ይጀምራል። ዱክ ዱክ ካላለ ገና ነው! ቻውደርም ያው ነው፤ ስታርቹ ግን ከድንቹና ከበቆሎው ይመጣል። (ሽሮ የማይወድ ካለ ይቅርታ፤ ግን ምን ነካችሁ?)

እሺ፣ ቶሎ ቶሎ። ለ4 ሰው 5 እሸት በቆሎ። ፍሬውን በቢላ ቁረጡ፣ ቆረቆንዳውን በቢላው ጀርባ ፋቁት። የሚወጣው ወተት መሳይ ፈሳሽ እንዳይደፋ! ቆረቆንዳውን በ5 ኩባያ ውኃ 30 ደቂቃ ቀቅላችሁ አውጡት። 1 ቀይ ሽንኩርት በ2 የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ሳይጠቁር ይለስልስ፤ ጦስኝ ጣል፣ የቆረቆንዳው ውኃ፣ በትንንሹ የተከተፈ 3 ድንች፣ 15 ደቂቃ። ጣፋጩ የቆርቆሮ በቆሎ ከሆነ መጨረሻ ላይ 5 ደቂቃ ይበቃዋል። የገበያችን እሸት ግን ጠንከር ስለሚል ከነፈሳሹ ከድንቹ ጋር ይግባ፤ ስኳሩም ስለሚያንስ 1 የሻይ ማንኪያ ስኳር።

ድንቹ ሲበስል 2 ኩባያ ያህል ቀድታችሁ ፍጩና መልሱ። ብሌንደሩን ከግማሽ በላይ አትሙሉት፤ እንፋሎቱ ክዳኑን ይፈነቅለዋል። ጣሪያ ማጽዳት የዛሬ ርዕሳችን አይደለም።

አሁን እሳቱን ቀንሱ፤ 1 ኩባያ ወተት፣ ግማሽ ኩባያ ክሬም፣ ጨው። ከዚህ በኋላ አይፍላ፣ አይፍላ! ከፈላ ወተቱ አይብና አጓት ሆኖ ሊለያይ ይችላል። ሎሚ የሚወድም ድስቱ ውስጥ ሳይሆን ሳህኑ ላይ ይጭመቅ።

ለጾም? ቅቤውን በዘይት ተኩ፣ ወተትና ክሬሙን ተዉት፣ ግማሹን ሾርባ ፍጩ። ያለ ክሬም ሲወፍር ታዩታላችሁ! አሁንም ያልተዋጠላችሁ ሰብስክራይብ አድርጉና ተከራከሩኝ።

ሲቀርብ ቁንዶ በርበሬ፣ የሽንኩርት ቅጠል፣ ጠበስ ያለ ዳቦ። ካደረ እንደ ሽሮ ይጠጥራል፤ ጠዋት በትንሽ ወተት አቅጥናችሁ፣ በቀስታ እሳት እያማሰላችሁ አሙቁት።