12ኛው ፓምፕ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፤ ብቻዬን ነኝ። ቡናዬን ይዤ ስለ አንድ የቆየ ጥፋቴ ላወራችሁ ነው።

የመጠጥ ውሃ ፕሮጀክት ላይ ስሠራ ነው። ሰኔ 30 ደርሷል። በጀት ሊዘጋ ነው፤ ቢሮው በሙሉ ሪፖርት ላይ ተደፍቷል። እኔም ጻፍኩ፦ «12 የእጅ ፓምፕ ለመትከል ታቅዶ 12 ተተክሏል፤ 11ዱ አገልግሎት እየሰጡ ነው።» አለቃዬ አነበበውና «አንድ ኬዝ ስተዲም ጨምሪበት» አለኝ፤ አንድን ጉዳይ ብቻ ወስዶ በጥልቀት የሚያይ ጽሑፍ ማለቱ ነው። ምን ችግር አለ? ጀሪካን ይዛ የምትስቅ የአንዲት እናት ፎቶ ፈለግኩ። ከሥሩ ሁለት አንቀጽ ምስጋና ጻፍኩበት። አለቀ።

እሱ ግን ኬዝ ስተዲ አይደለም። ፎቶ ያለው ሪፖርት ነው። ማስታወቂያ ብንለውም ያስኬዳል።

የገባኝ የፊኒየስ ጌጅን ታሪክ ሳነብ ነው። ሰውየው አሜሪካ፣ ቬርሞንት ውስጥ የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች አለቃ ነበር። በ1848 እ.ኤ.አ. ድንጋይ ለማፍረስ ባሩድ ሲጠቀጥቅ ፈነዳበት። ከ1 ሜትር በላይ የሚረዝም፣ 6 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ብረት በግራ ጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። የሚገርመው፣ አልሞተም! ሐኪሙ ጆን ሃርሎው በዚያው ዓመት ጻፈው፦ ብረቱ በየት ገባ፣ በየት ወጣ፣ ቁስሉ እንዴት ዳነ። ጥሩ ሪፖርት ነው። ነገሩ እዚያ ቢያበቃ «ታካሚው ድኗል» ተብሎ ፋይሉ ይዘጋ ነበር።

ሃርሎው ግን በ1868 እንደገና ጻፈ። ጌጅ ከሞተ 8 ዓመት ሆኖታል። አሁን ጥያቄው ስለ ቁስሉ አይደለም፤ ሰውየውስ ምን ሆነ ነው። ያ የተመሰገነ አለቃ ጠባዩ ተለውጦ አሠሪዎቹ ወደ ቦታው አልመለሱትም። ጓደኞቹም «ይሄ ጌጅ አይደለም» አሉ። በሌላ በኩል ደግሞ ቺሊ ሄዶ ለዓመታት የመንገደኛ ሠረገላ ነድቷል። ስለዚህ ለውጡ እስከ መጨረሻው ዘልቋል ወይ በሚለው ላይ ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከራሉ። ሪፖርት ላይ እንዲህ ያለ ነገር የት ይጻፋል? የሪፖርቱ ቅጽ ለዚህ ሳጥን የለውም።

እኔ ደግሞ 11ዱን ትቼ 12ኛው ጋ መሄድ ነበረብኝ። በኋላ ሄድኩ። ፓምፑ አፍሪዴቭ የሚባለው ዓይነት ነው፤ የመንደሩ ሰው ሠልጥኖ ራሱ እንዲጠግነው ታስቦ የተሠራ። የተበላሸችው አንዲት ጎማ ናት። ውድ አይደለችም፤ ግን በአቅራቢያው ባለ ሱቅ አትገኝም። ሰዉ በየወሩ ያዋጣው ገንዘብ ደግሞ አለ። የፓምፑ ኮሚቴ ሊቀመንበርና ገንዘብ ያዡ ተኳርፈው የሚያወጣው ጠፍቶ ነው እንጂ።

«እኛማ ከፍለናል ልጄ» አሉኝ አንዲት እናት፤ ጀሪካናቸውን አዝለው ወደ ወንዝ እየወረዱ።

ገንዘብ ያዡን ፈለግኩት። ገበያ ሄዷል አሉኝ። ደጁ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት።