ከፕሮሰሰሩ በፊት ሶኬቱን መምረጥ

(በማያ ገጹ ላይ፦ ፕሮሰሰር ያልተገጠመለት ማዘርቦርድ፤ ምስሉ ቀስ በቀስ ወደ ሶኬቱ ይቀርባል።)

ጤና ይስጥልን፣ ውድ ተመልካቾቻችን። በተወሰነ ገንዘብ ለብዙ ዓመት የሚያገለግል የጌም ኮምፒውተር ለመገጣጠም የተነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ፕሮሰሰሩ ጊጋኸርዝ፣ ማለትም ስለ ፍጥነቱ መለኪያ፣ እንዲሁም ሥራውን ስለሚካፈሉት ኮሮቹ ብዛት ነው። ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ ግን አለ፤ እርሱም ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ሶኬት ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚወጣውን አዲስ ፕሮሰሰር መቀበል ይችላል ወይ የሚለው ነው።

የኤኤምዲን ኤኤም4 ሶኬት እንመልከት። እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ2017 የመጀመሪያዎቹ የራይዘን ፕሮሰሰሮች ሲወጡ ቢ350 የተባለውን መካከለኛ ዋጋ ያለው ማዘርቦርድ የገዛ ሰው፣ የቦርዱ አምራች ያወጣውን አዲስ ባዮስ (ቦርዱን የሚያስነሣውን ፕሮግራም) ከጫነ በኋላ፣ በ2022 የወጣውን ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ በዚያው ቦርድ ላይ ለመግጠም ችሏል። ቦርዱንም ራሙንም (የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ) ሳይለውጥ፣ በአንድ ዕቃ ዋጋ ብቻ፣ በጊዜው ለጌም ከተሠሩት እጅግ ፈጣን ፕሮሰሰሮች አንዱን አገኘ ማለት ነው። በአንጻሩ የኢንቴል 1700 ሶኬት በ2021 መጨረሻ ወጥቶ ከ12ኛው እስከ 14ኛው ትውልድ ካገለገለ በኋላ፣ በጥቅምት 2024 የመጡት ኮር አልትራ ፕሮሰሰሮች ሌላ ሶኬት ስለሚፈልጉ፣ የቀድሞው ቦርድ ባለቤት የእነርሱ ተጠቃሚ መሆን አልቻለም። በዚሁ 1700 ሶኬት የሚገጠመው ኮር አይ5 12400ኤፍ ዛሬም ጥሩ ፕሮሰሰር ነው፤ ሆኖም ለረጅም ጊዜ ለሚያስብ ገዢ ቀዳሚ ምርጫ አድርገን አናቀርበውም።

(በማያ ገጹ ላይ፦ 5800ኤክስ እና 5800ኤክስ3ዲ ጎን ለጎን።)

አሁን ወደ ፍጥነቱ እንለፍ። ራይዘን 7 5800ኤክስ እና 5800ኤክስ3ዲ እያንዳንዳቸው 8 ኮር አላቸው። የመጀመሪያው እስከ 4.7 ጊጋኸርዝ ሲደርስ ሁለተኛው በ4.5 ይቆማል፤ በአብዛኞቹ ጌሞች የሚበልጠው ግን ሁለተኛው ነው። ምክንያቱ ካሽ የተባለው በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ማኅደረ ትውስታ ሲሆን፣ የሦስተኛው ደረጃ ካሽ መጠን በመጀመሪያው 32፣ በሁለተኛው 96 ሜጋባይት ነው። ጌም ሲሠራ ፕሮሰሰሩ የገጸ ባሕርያትን እንቅስቃሴና የዕቃዎችን ግጭት እያሰላ ግራፊክስ ካርዱ የሚስለውን ያዝዛል፤ በዚህ መካከል ብዙ ጊዜ የሚያዘገየው መረጃው ከራም እስኪመጣ መጠበቁ ነው። ቅመሙ ሁሉ ጓዳ ውስጥ ያለለት ወጥ ሠሪ ገበያ የተላከ ሰው እስኪመለስ እንደማይጠብቅ ሁሉ፣ ሰፊ ካሽ ያለው ፕሮሰሰርም ሥራውን ሳያቋርጥ ይቀጥላል።

ስለ ኮር ብዛት ረጅም ክርክር አያስፈልግም። በ2020 የወጡት የጌም መጫወቻ ማሽኖች ፕሌይስቴሽን 5 እና ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ ባለ 8 ኮር ቢሆኑም፣ ኮሮቻቸው የቀድሞ ትውልድ ስለሆኑ፣ አዲስ ባለ 6 ኮርና ባለ 12 ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚያስኬዳቸው የሥራ መስመሮች) ፕሮሰሰር ለእነርሱ የተሠሩትን ጌሞች በሚገባ ያስኬዳል። ባለ 4 ኮር ግን ለዚህ ዓላማ መግዛት አይገባም።

ስለዚህ ምርጫችን በ2022 በተጀመረው ኤኤም5 ሶኬት ላይ የሚገጠመው ራይዘን 5 7600 ነው። ኤኤምዲ ይህን ሶኬት ቢያንስ እስከ 2027 እንደሚደግፍ አስታውቋል፤ ማቀዝቀዣውም ከፕሮሰሰሩ ጋር በካርቶኑ ውስጥ ይመጣል። ሶኬቱ ዲዲአር5 የተባለውን አዲሱን የራም ዓይነት ብቻ ስለሚቀበል፣ የራም ዋጋ በናረበት ወቅት የቀድሞው ዓይነት ዲዲአር4 ራም ያለው ሰው ራይዘን 5 5600ን በኤኤም4 ቦርድ ላይ ቢገጥም አግባብ ነው፤ ነገር ግን የዚያ ሶኬት መንገድ ወደ ማብቂያው መቃረቡን አውቆ ይግዛ።

ዕቃ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በዘመድ እጅ ለሚያስመጡ ተመልካቾቻችን ደግሞ አንድ ፊደል ልብ እንድትሉ እንለምናለን። እንደ 7500ኤፍ በስሙ መጨረሻ ኤፍ ያለበት ፕሮሰሰር የራሱ የምስል ክፍል የለውም። ግራፊክስ ካርዱ ቢበላሽ ምትኩ እስኪመጣ ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ 7600 ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ ለትምህርትና ለሥራ የሚሆን ምስል ይሰጣችኋል።

(በማያ ገጹ ላይ፦ የባዮስ ማሻሻያ ሲጫን።)

ወደፊት ፕሮሰሰሩን የምትለውጡበት ቀን ሲደርስ፣ አሮጌውን ከመንቀላችሁ በፊት አዲሱን የሚያውቅ ባዮስ ጫኑ። ባዮስ በመጫን ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋ ማዘርቦርዱ ጨርሶ ላይነሣ ስለሚችል፣ ኮምፒውተሩን ከዩፒኤስ ጋር ሳታገናኙ ይህን ሥራ አትጀምሩ።