«እድሜ ነው» ብሎ መሸኘት ይብቃ

የተከበራችሁ እህቶቼ፣ ደፍራችሁ የገባችሁ ወንድሞቼም፣ እንደምን ዋላችሁ?

አዘጋጆቹ ስለ አመጋገብ እንድናገር ነው የጋበዙኝ። እናገራለሁ። መጀመሪያ ግን የሚያንገበግበኝን ልተንፍስ።

ሁላችሁም የምታውቋት ጓደኛ አለችን። ስሟን አልጠራም፤ እዚሁ ተቀምጣ እየሳቀች ነው። የማኅበራችንን ሒሳብ ለዓመታት በቃሏ የያዘች ሴት ናት። መዋጮ ያልከፈለውን መዝገብ ሳትገልጥ ትነግራችኋለች። አንዳንዶቻችሁ እሷን ሸሽታችሁ በጓሮ በር ወጥታችኋል፤ አይቻለሁ።

49 ዓመት ሲሆናት ነገር ተቀየረ። ስብሰባ መሀል ቃል ይጠፋባት ጀመር። ሌሊት በላብ ተጠምቃ ትነቃለች። ጠዋት አንዱን ደረሰኝ ሦስቴ ታነባለች። «አልዛይመር ያዘኝ» ብላ፣ ለባሏ እንኳ ሳትተነፍስ፣ ማታ ማታ ስልኳ ላይ ስለ በሽታው ስታነብ ከረመች። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሰውየው ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ «እድሜ ነው እናቴ፣ ይለመዳል» አላት። እናቴ የሚላት እኩያዋ ነው! የወር አበባዋን አልጠየቃት፣ እንቅልፏን አልጠየቃት። የማስታገሻ ኪኒን ጽፎ ሸኛት።

ወንድ አለቃ ቃል ሲጠፋበት «ሥራ በዝቶበት ነው» ይባላል። ሴት ሲጠፋባት «አረጀች»። እስከ መቼ?

ኢስትሮጅን የሚባለው የሴቶች ሆርሞን የማህፀን ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንጎል ውስጥም ይሠራል፤ በተለይ ትውስታን በሚያደራጀው ሂፖካምፐስ። የአንጎል ሴሎች ግሉኮስን ወደ ጉልበት እንዲቀይሩ ያግዛል። አንጎል ከክብደታችን 2 በመቶ ገደማ ቢሆንም ከጉልበታችን 20 በመቶ ያህሉን ይፈጃል። ታዲያ ወደ ማረጥ ስንቃረብ ሆርሞኑ ከፍ ዝቅ ሲል አንጎል ቢደናገር ምን ይገርማል? አሜሪካ ውስጥ ሴቶችን ለዓመታት የተከታተለ ትልቅ ጥናት፣ የወር አበባ ሊቆም በሚቃረብበት የሽግግር ወቅት አዲስ ነገር የመያዝ ፍጥነት እንደሚቀንስ፣ ካረጡ በኋላ ግን እንደሚያገግም አሳይቷል። ያቺ ሴት ይህን የሚነግራት አጥታ ነው ስንት ሌሊት ያለቀሰችው!

ኋላ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄዳ ደሟን አስመረመረች። የብረት እጥረት ተገኘባት። በዚህ እድሜ የወር አበባ አንዳንዴ ይበረታል፤ ብረቱ ተሟጦ ኖሯል። ይህ ደግሞ የሚታከም ነገር ነው። «እድሜ ነው» ተብሎ ተዳፍኖ ነበር።

ወደ ምግቡ ልምጣ፤ አዘጋጆቹ ሰዓት እያዩ ነው። ከማረጥ በኋላ ኮሌስትሮል ይጨምራል፣ ስብ ሆድ ላይ ይከማቻል፣ ለስኳር በሽታም እንጋለጣለን። የደም ሥርን የሚጎዳ አንጎልንም አይምርም። ስለዚህ ቅጠላ ቅጠል፣ ጥራጥሬ፣ ዓሣና ለውዝ ይብዛ፤ ጣፋጭና ለስላሳ ይቀነስ። ግን ተአምር አትጠብቁ። ለአንጎል ተብሎ የተዘጋጀው የማይንድ አመጋገብ ሲሞከር፣ በፈረንጆቹ 2023 የወጣው ውጤት በ3 ዓመት ውስጥ ከማነጻጸሪያው ቡድን የጎላ ልዩነት አላሳየም። ምግብ የረጅም ጊዜ ሥራ ነው። በወር ውስጥ ትውስታሽን እመልሳለሁ የሚል ዱቄት ሻጭ ካጋጠመሽ፣ ዓይኑ ቦርሳሽ ላይ ነው።

እንቅልፍ፣ የእግር ጉዞ፣ የደም ግፊት ክትትል፤ እነዚህን ታውቋቸዋላችሁ፣ አልደግምም።

አመራሮቻችን ፊት ለፊቴ ተቀምጣችኋል። ማኅበሩ በሚከፍለው ዓመታዊ ምርመራ ላይ ከ45 ዓመት በላይ ላሉ ሴቶች የብረትና የታይሮይድ፣ ማለትም የአንገት ዕጢ፣ ምርመራ ይጨመር። ይህን ለድምፅ አቅርቤያለሁ። የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ፤ ወንዶችም ጭምር!