ይሄ 0.30 የማነው?

እሺ… እየቀዳ ነው? ቀይዋ በርታለች። ደህና።

ዛሬ ስለ ካሜራ ላወራ ነበር። ቃል ገብቻለሁ፣ አውቃለሁ፣ አትጻፉልኝ። ግን የማክሰኞው ነገር አልለቀቀኝም።

አሮጌው ሮቦታችን ጋሼ ጡረታ መውጣቱን ሰምታችኋል። የጎማውን ኮድ ግን አዲሱ ሮቦት ወርሷል። ያወረስኩትም እኔው ነኝ። «ባለ ሁለት ጎማ ይሁን እንጂ ለየትኛውም ሮቦት ይሆናል፣ አንድ መስመር አትነካም» ብዬ ነው አብሮኝ ለሚሠራው ልጅ የሰጠሁት።

ማክሰኞ ልጁ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት ተቀምጧል። 90 ዲግሪ ዙር ብለን አዘዝነው። ዞረ፣ ቆመ። ስክሪኑ 90 ይላል። መሬት ላይ ግን 60 ቢሆን ነው። ደገምነው፤ ያው 60። ከዛ ቀጥ ብሎ ሄዶ ካርቶኑን ገጨ። እኔ ሳቅኩ። «ጎማው አንሸራቶት ነው» አልኩ። በሙሉ ልብ! ልጁ አልሳቀም። ኮዱን ወደ ታች፣ ወደ ታች… ከዛ ቀስ ብሎ፣ «ይሄ 0.30 የማነው?» አለኝ።

ምንድነው አላለም። የማነው።

የጋሼ ነዋ! በሁለቱ ጎማዎች መሃል ያለው ርቀት፣ በሜትር። የአዲሱ 0.45 ነው። ኮዱ የቀኝና የግራ ጎማ የሄዱትን ልዩነት ለዚያ ርቀት አካፍሎ ነው ዞርኩ የሚለው። እና በጋሼ ወገብ ሲያካፍል፣ የሁለት ሦስተኛ ዙር ሙሉ ይመስለዋል።

የሚያናድደው ከውጭ ሲታይ ንጹህ ነበር። ሮስ ላይ ነው የሠራሁት፣ የሮቦት ሶፍትዌር መሥሪያው ላይ፣ ደንቡን ጠብቄ፦ ርቀት በሜትር፣ ማዕዘን በራዲያን፣ ኤክስ ወደ ፊት፣ ዋይ ወደ ግራ። ቶፒኩም፣ ማለትም መልእክቱ የሚሄድበት መስመር፣ መልእክቱም ልክ ነው። ቁጥሩ ግን ኮዱ ውስጥ ተኝቷል።

አሪያን 5 ትዝ አለኝ። እንደ ፈረንጆቹ 1996። ሮኬቱ አቅጣጫውን የሚያውቅበት ሶፍትዌር ከአሪያን 4 የመጣ ነው። አዲሱ ወደ ጎን የነበረው ፍጥነት ከአሮጌው በለጠ፣ ቁጥሩ በተያዘለት ቦታ፣ 16 ቢት ውስጥ፣ አልገባ አለ፣ 40 ሰከንድ ገደማ ላይ… አለቀ። ደግሞ እኮ ያ ስሌት አሪያን 5 ከተነሳ በኋላ ምንም አይሠራለትም ነበር! እዛ ቤቱ ግን ልክ ነበር። እኔን የሚገርመኝ እሱ ነው፤ ስህተት ሆኖ አልተጻፈም።

እና ምን ይደረግ፣ ሁሉንም ቁጥር ወደ ውጭ ማውጣት? አድርጌዋለሁ። የሮቦት ክንዱን ኮድ ታስታውሳላችሁ፣ 41 ፓራሜትር፣ ከውጭ የሚሞላ ቁጥር። ማንም ማስነሳት አልቻለም። እኔም ጭምር። ስለዚህ… አላውቅም። የትኛው ቁጥር የሮቦቱ፣ የትኛው የስሌቱ እንደሆነ መለየት ነው ልል ነበር፣ ግን ስጽፈው ሁሉም የስሌቱ ይመስለኛል። ጋሼ ብቻ ነበር የነበረኝ።

ቆይ፣ እሱም አይደለም የረበሸኝ። ልጁ ባይጠይቅ «የምታዘውን ዙር በ1.5 አባዛው» ልለው አፌ ላይ ነበር። ይሠራ ነበር እኮ። 90 ይሆን ነበር፣ ካርቶኑም ይተርፍ ነበር።

ትናንት ማታ ኮዱን ከፈትኩት። ከ0.30 በታች፣ ስድስት መስመር ያህል ወርዶ፣ አንድ 1.07 አለ። ማባዣ። ለምን እንደሆነ የሚያስረዳ ኮሜንት የለውም። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ስሜ አለበት። ለምን እንደሆነ ግን… ምንጣፍ ይሆን? ያኔ የጋሼ ግራ ጎማ ተቀይሮ ነበር እንዴ?

አዲሱ ሮቦት ላይም አሁን እየሠራ ነው። ለልጁ አልነገርኩትም። ነገ ጠዋት… እስቲ።